ቦርድ ፊት «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ያለ ሰው ክፍያውን እንዴት ያጣል?

 

የቡና ለቀማ በደረሰ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎች መልካቸው ይቀየራል። ስለ መድኃኒት መጠየቁ ይቀንስና ስለ ወረቀት ይበዛል። «ዶክተር፣ የእረፍት ወረቀቴን አንቀበልም አሉኝ።» «ዶክተር፣ ቀጠሮ ስለቀረሁ ክፍያዬ ቆመ።» «ሜዲካል ቦርድ ቅረቢ ተብያለሁ፣ ምን ይጠይቁኛል?» ከሚዛን፣ ከአማን፣ ከቴፒ፣ ከበበቃ አካባቢ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ይህንን ነገር ረጋ ብለን እንየው። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን ታማችሁ ስትተኙ የቤታችሁ አስቤዛ የሚወሰነው በዚህ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ግን የእረፍት ወረቀቱን የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ፣ ወረቀቱ ከእጄ ከወጣ በኋላ የት የት ላይ እንደሚሰናከል አያለሁ።

ዋናውን ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ። ሕጉ ለታመመ ሠራተኛ ይከፍላል። ነገር ግን መታመም ብቻውን አይበቃም። ታምሞ ያሳወቀ፣ ታምሞ የተመረመረ፣ በተቀጠረበት ቀን የቀረበ እና ያለበትን በትክክል የተናገረ ሰው ነው ክፍያውን የሚያስጠብቀው። ሕመሙ ሰውነታችሁ ላይ ነው ያለው፤ መብታችሁ ግን ካርዱ ላይ ነው ያለው።

1. መጀመሪያ፦ ሕመሙ ከየት መጣ?

በግል ድርጅት ወይም በእርሻ ልማት ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ሰዎች የምትተዳደሩት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ አዋጅ ይተዳደራል፤ የወሩና የክፍያው ቁጥር ይለያል። የማሳወቅ፣ ወረቀት የማቅረብና በቀጠሮ የመገኘት ነገር ግን ለሁሉም ያው ነው።)

በዚህ አዋጅ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከሥራ ጋር ያልተያያዘ ሕመም ነው። ታይፎይድ፣ የሳንባ ምች፣ ትርፍ አንጀት የመሳሰለው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከታመመበት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ማግኘት ይችላል። በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ ይወሰድ፣ ተደምሮ ነው የሚታሰበው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ 2 ወሮች ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወሮች ያለ ክፍያ ናቸው። አንቀጽ 85 እና 86 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። መፈልፈያ ማሽን እጅ ሲይዝ፣ ገጀራ ሲስት፣ ከጥላ ዛፍ ላይ ወድቆ አጥንት ሲሰበር፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው መኪና ተጭናችሁ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ አደጋ ሲደርስ። እዚህ ላይ የሕክምናውን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል። ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛም እስከ 1 ዓመት ድረስ በየወሩ ይከፈለዋል፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ወሮች ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወሮች ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀሩትን 6 ወሮች ከ50 በመቶ ያላነሰ።

ልዩነቱ ይታያችሁ ዘንድ በብር እናስላው። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ሰው ለ6 ወር መሥራት አቃተው እንበል።

በሕመም ፈቃድ ከሆነ፦ 6,000 + 3,000 + 3,000 = 12,000 ብር። የቀሩት 3 ወሮች ባዶ ናቸው።

በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ፦ ለ3 ወር 18,000 ብር፣ ከዚያ ለ3 ወር ደግሞ 13,500 ብር፤ ድምሩ 31,500 ብር።

እግሩ ያው እግር ነው፣ ስብራቱም ያው ስብራት። የ19,500 ብር ልዩነት የሚያመጣው ጉዳቱ የት ደረሰ የሚለው ነው። ይህ ደግሞ መጀመሪያ የሚጻፈው እኛ ጋ፣ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ስትመጡ «ምን ሆነህ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙ ሰው «ተቆረጥኩ» ወይም «ወደቅኩ» ብሎ ዝም ይላል። አመመው፣ ደሙ ይፈስሳል፤ አይፈረድበትም። ካርዱ ላይም «ወደቀ» ተብሎ ይጻፋል። ከአራት ወር በኋላ ጉዳዩ ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚገልጠው ያቺን የመጀመሪያዋን ገጽ ነው።

ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ ሥራ ቦታዬ፣ ቡና መፈልፈያ ማሽኑን ሳጸዳ እጄን ያዘኝ።» ሰዓት፣ ቦታ፣ ምን እየሠራችሁ እንደነበር። ራሳችሁ መናገር ካልቻላችሁ ያመጣችሁ ሰው ይናገር። «ካርዱ ላይ ሥራ ላይ እንደሆነ ይጻፍልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

አንድ ወጣት ትዝ ይለኛል። ሁለት ጣቶቹ ተጎድተው ነበር የመጣው። አብሮት የመጣው ሰው ከእሱ ቀድሞ «ቤቱ እንጨት ሲፈልጥ ነው» አለኝ። ልጁ መሬት መሬት ያያል። ቁስሉ ግን የመጥረቢያ ቁስል አይመስልም፤ የተቀጠቀጠና የተፈጨ ነበር። ሰውየውን ለመድኃኒት ግዢ ልኬ ልጁን ለብቻው ስጠይቀው፣ «ሥራ ቦታ ነው ካልክ ነገ አትመጣም፣ ቤት ነው ካልክ እኛው እናሳክምሃለን» ተብሎ ነበር። ያየሁትን ቁስል እንዳየሁት፣ እሱ የነገረኝንም እንደነገረኝ ጻፍኩ። እንዲህ የሚሏችሁ ሰዎች ለጊዜው መድኃኒት ይገዙላችሁ ይሆናል። ከሁለት ወር በኋላ ግን የገባላችሁን ቃል የት ተጽፎ ታገኙታላችሁ?

«እኔ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ምን መብት አለኝ?» የምትሉም አላችሁ። የሕመም ፈቃድ የሙከራ ጊዜን መጨረስ ይጠይቃል፤ የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ አይችልም። ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ግን የሙከራ ጊዜ መጨረስ አይጠየቅም። በመጀመሪያው ቀን ማሽን ቢይዛችሁም ሥራ ላይ ነበራችሁ።

2. በማግስቱ አሳውቁ

ሕጉ ከሥራ የቀራችሁ እንደሆነ በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለባችሁ ይላል። አሠሪው ራሱ ማወቅ የሚችልበት ሁኔታ ካለ፣ ወይም ማሳወቅ ጭራሽ የማይቻል ከሆነ ብቻ ነው የሚቀረው።

«ለጓደኛዬ ነግሬዋለሁ፣ ይነግራቸዋል» አይበቃም። ጓደኛ ይረሳል፣ ካቦ ይቀየራል። ስልካችሁ ላይ የሚቀር ነገር አድርጉ። አጭር የጽሑፍ መልእክት ወይም የቴሌግራም መልእክት ለቅርብ ኃላፊያችሁ ላኩ፦ «ዛሬ ታምሜ ሚዛን ሆስፒታል መጥቻለሁ። ሐኪም የሚሰጠኝን ወረቀት አቀርባለሁ።» ቀኑና ሰዓቱ ራሱ ይመዘገባል። መልእክቱን እንዳታጠፉት፣ ስክሪንሾትም አንሱት።

ይህ ለምን አስፈለገ? በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። በሕመም ፈቃድ የተሸፈነ ቀን እዚህ ውስጥ አይገባም። ያልተሸፈነ ቀን ግን ይገባል። በትኩሳት ብርድ ልብስ ውስጥ የተኛችሁበት ቀን ወረቀት ከሌለው ፋይላችሁ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ይቀመጣል።

3. ወረቀቱን ሳታዩ ከሆስፒታል ግቢ አትውጡ

የሕመም ፈቃድ የሚያስገኘው ወረቀት እውቅና ካለው የሕክምና ተቋም የተሰጠ መሆን አለበት። ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

ስማችሁ እስከ አያት፣ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው መጻፉን። (ሰፈር ውስጥ የሚጠሩበትን ስም አስመዝግበው የሚሄዱ አሉ፤ በኋላ «ይህ ሰው አንተ አይደለህም» ይባላሉ።)

የተመረመራችሁበት ቀን እና እረፍቱ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ መጻፉን። «5 ቀን» ብቻ ከሆነ ከየትኛው ቀን ጀምሮ ብላችሁ ጠይቁ።

የሐኪሙ ስም፣ ፊርማ፣ ቲተር እና የተቋሙ ማኅተም መኖሩን። አብዛኛው ተመላሽ ወረቀት የሚመለሰው ማኅተም ሳይኖረው ቀርቶ ነው።

ከዚያ ፎቶ አንሱት። ዋናውን ስትሰጡ በኮፒው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብላችሁ አስፈርሙ። የሕመሙ ዓይነት እንዲወራ የማትፈልጉ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ወረቀቱንም በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት ክፍል በቀጥታ ስጡ፣ በካቦ በኩል አትላኩ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምትቀየሙኝ ነገር። «ዶክተር፣ ባለፈው ሰኞ ነበር ያመመኝ፣ ከሰኞ ጀምሮ ጻፍልኝ።» አልጽፍም። ያየኋችሁ ሐሙስ ከሆነ ያየኋችሁ ሐሙስ ነው። «ከሰኞ ጀምሮ ትኩሳት እንደነበረው ይናገራል» ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ያላየሁትን ቀን ግን አየሁ ማለት አልችልም። ሐሰተኛ የሕክምና ወረቀት የሰጠውንም የተጠቀመበትንም በወንጀል ያስጠይቃል። ማኅተም የሚሸጡ ሰዎች አሉ ይባላል፤ አሠሪው ወደ ሆስፒታሉ ደብዳቤ ጽፎ የካርድ ቁጥሩን ሲያጣራ ምን እንደሚፈጠር አስቡት። ለ3 ቀን ብላችሁ ሥራችሁን ታጣላችሁ።

እግረ መንገዴን ስለ ወባ ላንሳ፤ እኛ አካባቢ ያለ ወባ የሕመም ፈቃድ ማውራት አይቻልም። ክረምቱ ወጥቶ ወባው የሚነሳበት ጊዜ ቡናው የሚቀላበት ጊዜ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንደገና ይነሳል። የ3 ቀኑ ክኒን ደም ውስጥ ያለውን ነው የሚያጠፋው። ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋው ሐኪም ካዘዘላችሁ ለ14 ቀን የሚወሰደው ፕሪማኪን ነው። (ነፍሰ ጡር ሴት አትወስደውም፤ የምታጠባም ለሐኪሟ ትንገር።) ብዙ ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው በ4ኛው ቀን ያቆመዋል። ከዚያ በኅዳር ይታመማል፣ በጥር ይታመማል፣ በመጋቢት ይታመማል። የእያንዳንዱ ጊዜ እረፍት ተደምሮ ከዚያችው 6 ወር ላይ ይቀነሳል፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ያለው ደግሞ ግማሽ ክፍያ ነው። ክኒኑን መጨረስ ለጉበታችሁም ለኪሳችሁም ነው።

ትኩሳቱ ድጋሚ ከተነሳም በድሮው ወረቀት ቤት አትተኙ። ተመልሳችሁ ኑ፣ ደም ስጡ፣ አዲስ ወረቀት ያዙ።

4. ቀጠሮ መቅረት ዋጋ አለው

ይህንን ብዙ ሰው አያውቀውም። ሥራ ላይ ተጎድቶ በየወሩ ክፍያ የሚቀበል ሠራተኛ ሕክምና ምርመራ አልቀርብም ካለ፣ ቸል ካለ፣ ምርመራውን ሆን ብሎ ካደናቀፈ ወይም ያለ ምክንያት ካዘገየ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ድኅነቱን የሚያዘገይ ነገር ሆን ብሎ ካደረገም እንዲሁ።

ከዚህ የሚብሰው ቀጥሎ ያለው ነው። የታገደበት ምክንያት ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል፤ በታገደበት ጊዜ ያለፈው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈልም። ሁለት ወር ታግዶ ከነበረ የሁለት ወሩ ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ «ቀጠሮ» የሚለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን የሐኪሙ ምቾት ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ጀሶ ታስሮላችሁ በ6ኛው ሳምንት ለራጅ ተቀጥራችኋል እንበል። ሰፈር ውስጥ «ወጌሻው በሦስት ቀን ያድነዋል» ተባላችሁና ጀሶውን ቤት ቆርጣችሁ ጣላችሁት። አጥንቱ ዞሮ ሊገጥም ይችላል፤ ይህ የሕክምናው ችግር ነው። ቀጥሎ የክፍያው ችግር ይመጣል፦ «ራሱ ነው ያበላሸው» የሚል ጥያቄ ይነሳል።

ሌላው፣ በእረፍት ወረቀት ላይ ሆናችሁ የጓሯችሁን ቡና መልቀም ነው። አውቃለሁ፣ ቡናው አይጠብቅም፤ ረግፎ መሬት ላይ ይቀራል። ግን «ክብደት ማንሳት አይችልም» ተብሎ የተጻፈለት ሰው ጆንያ ተሸክሞ ሲታይ፣ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን የእናንተ ቃልም ዋጋ ያጣል። ለቀማውን ቤተሰብ ይርዳችሁ፤ ቀላል ሥራ መሥራት የምትችሉ ከመሰላችሁም መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

5. ሜዲካል ቦርድ ምንድን ነው?

ቦርድ ማለት ከአንድ በላይ ሐኪሞች አብረው ተቀምጠው የሚያዩበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀረበው ሕመሙ ሲረዝም፣ የሥራ ቦታ ይቀየርልኝ ሲባል፣ የጉዳቱ መጠን በመቶኛ እንዲወሰን ሲፈለግ ወይም የጤና ጉድለት ጡረታ ሲጠየቅ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ከሆነ ሕጉ የጉዳቱ መጠን በተቻለ መጠን በ12 ወር ውስጥ እንዲወሰን ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ሄዶ የሚገባበት አይደለም፤ ከአሠሪው ወይም ከጡረታ መሥሪያ ቤቱ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠየቃል።

ስትሄዱ የምትይዙት፦ መታወቂያ፣ የጥያቄው ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው ቀን ካርድ ወይም ኮፒው፣ ራጅና የላቦራቶሪ ውጤቶች፣ የእረፍት ወረቀቶች በቀን ቅደም ተከተል፣ የምትወስዱት መድኃኒት ከነማሸጊያው። ራጁን ጣሪያ ላይ አትስቀሉት፤ ጢስና ዝናብ ያጠፋዋል።

አማርኛ የማይቀናችሁ ከሆነ አታፍሩ። ቤንችኛ፣ ሸክኛ፣ ከፍኛ ወይም መኤኒትኛ አፍ የፈታ ሰው ሕመሙን በሁለተኛ ቋንቋ ሲናገር ግማሹ ይቀራል። የምታምኑትን የሚያስተረጉም ሰው ይዛችሁ ኑ። ካቦው ወይም የድርጅቱ ሰው ባይሆን ይመረጣል።

6. አሁን ወደ «ተመስገን» እንምጣ

እኛ አገር ሰው «እንዴት ነህ?» ሲባል «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሳይቀር እንዲህ ይላል። ጨዋነት ነው፣ እምነትም ነው፣ እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት። ቦርዱ ፊት ግን «እንዴት ነህ?» ሰላምታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው። መልሱ ይጻፋል። «ታካሚው ደህና እንደሆነ ይናገራል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ያን ወረቀት የሚያነበው ሰው እናንተ ለፈጣሪ እያመሰገናችሁ እንደነበር አያውቅም።

አንዲት እናት ወገባቸው ተጎድቶ ለክትትል ይመጡ ነበር። «እማማ፣ አሁን እንዴት ኖት?» ስላቸው «ክብር ለእሱ፣ በጣም ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ። ወንበሩን ተደግፈው በሦስት ጊዜ ነው የተነሡት። «እሺ፣ ውኃ ማን ይቀዳል?» አልኳቸው። «ኧረ እኔ ከተውኩት ቆየሁ፣ የጎረቤት ልጅ ናት።» «እንጀራ ማን ይጋግራል?» «እሷው ናት።» «ሌሊት ይተኛሉ?» ዝም አሉ። «ስገላበጥ ያነቃኛል» አሉ በመጨረሻ። ካርዱ ላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው።

ስለዚህ ምስጋናውን አስቀድሙ፣ ግን እዚያ አታቁሙ፦ «ተመስገን በሕይወት አለሁ፤ ያለብኝን ልንገራችሁ።» ከዚያ በሦስት ነገር ተናገሩ።

አንደኛ፣ ምን መሥራት እንዳቃታችሁ። «ያመኛል» ከማለት ይልቅ «20 ሊትር ጀሪካን ማንሳት አልችልም»፣ «ከግማሽ ሰዓት በላይ ስቆም እግሬ ያብጣል»፣ «በቀኝ እጄ መቀስ መጨበጥ አቅቶኛል» በሉ።

ሁለተኛ፣ በስንት ቀን። ሕመም አንድ ቀን ይሻላል፣ አንድ ቀን ይብሳል። ቦርድ የምትቀርቡት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በተሻለችው ቀን ነው፤ መንገድ መምጣት የቻላችሁት በዚያ ቀን ነውና። «ዛሬ ደህና ቀኔ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ከአልጋ አልነሣም» ማለት እውነት ከሆነ መነገር አለበት።

ሦስተኛ፣ ሥራችሁ ምን እንደሆነ። ሐኪሙ «የእርሻ ሠራተኛ» የሚለውን ብቻ ነው የሚያየው። ቆጣሪ ናችሁ ወይስ ጆንያ ተሸካሚ? ተቀምጣችሁ ነው ቡና የምትለቅሙት ወይስ ዳገት ላይ? ያው ጉልበት ለአንዱ ሥራ ይበቃል፣ ለሌላው አይበቃም።

በሌላ በኩል አታጋንኑ። እጃችሁ እየታጠፈ «አይታጠፍም» ብትሉ፣ ጫማችሁን ስታስሩ እናየዋለን። ሐኪሞች የምንፈትሸው በብዙ መንገድ ነው፤ አንድ ውሸት የተገኘበት ሰው እውነቱም ይጠረጠራል። የምትችሉትንም ተናገሩ፦ «መቀመጥ እችላለሁ፣ መሸከም አልችልም።» እንዲህ የሚል ሰው ይታመናል፤ ቀላል ሥራ እንዲሰጠው ለመጻፍም ያመቻል።

7. መምጣት ካልቻላችሁስ?

ዝናብ ይዘንባል፣ መኪና ይጠፋል። ከሚዛን ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእርሻው ውስጥ እስከ አስፋልት መውጣቱ ግን አንዳንዴ ከዚያ ይከብዳል። ቀጠሮ መሳት ያጋጥማል። ልዩነቱ ቀድሞ በመናገርና ባለመናገር መካከል ነው።

ከቀኑ በፊት ለሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ወይም ለክፍሉ ነርስ ደውሉ፣ ወይም ሰው ላኩና አዲስ ቀጠሮ አስይዙ። ለአሠሪውም በጽሑፍ መልእክት ምክንያቱን ላኩ። ቀኑ ካለፈ በማግስቱ ራሳችሁ ኑ፤ «አንዴ ቀርቻለሁ» ብሎ አንድ ወር መጥፋት ነው ነገሩን የሚያባብሰው። መንገድ ላይ የተበላሸውን መኪና ፎቶ አንሱ፣ የትኬት ቁራጭ ያዙ። ሌላ ጤና ጣቢያ ተኝታችሁ ከነበረ የዚያን ወረቀት አምጡ።

ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁም ይህንን አስተላልፉላቸው። እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚቀበል ታማሚ ለጤና ምዘና በአካል፣ በስልክ ወይም በቪዲዮ ይጠራል፤ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ክፍያው ሊነካበት ይችላል። አስተርጓሚ መጠየቅ፣ አጃቢ ሰው ይዞ መቅረብ ይቻላል። እዚያም ያው «ፋይን ነኝ» የሚለው መልስ ነው የሐበሻን ሰው የሚጎዳው።

8. ክፍያው ቢቆምባችሁ

መጀመሪያ ለምን እንደቆመ በጽሑፍ ጠይቁ። አንዳንዴ የጎደለው አንድ ማኅተም ነው። ቀጥሎ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ለማኅበሩ፣ ከሌለ በአካባቢያችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚከታተለው መሥሪያ ቤት አመልክቱ። ከዚያም ፍርድ ቤት አለ።

ጊዜው ግን ይሮጣል። ከሥራ ተባርራችሁ ልመለስ የምትሉ ከሆነ በ3 ወር ውስጥ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ የምትጠይቁ ከሆነ በ6 ወር ውስጥ ነው ክሱ መቅረብ ያለበት። «ለቀማው ይለቅና እናየዋለን» እያላችሁ መብታችሁ ጊዜ እንዳያልፍበት።

የሕክምና ማስረጃችሁ ከጠፋ ወደ ታከማችሁበት ተቋም ተመለሱ፤ የካርድ ቁጥራችሁ ካለ ካርዱ ይፈለጋል። ስለዚህ የካርድ ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ባለቤታችሁም ይወቀው፣ ልጃችሁም ይወቀው።

ለማስታወስ ያህል ባጭሩ፦ የት እንደተጎዳችሁ በመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። በማግስቱ አሳውቁ። ወረቀቱን አንብባችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ ውጡ። ቀጠሮ አትቅሩ፣ ከቀራችሁም ቀድማችሁ ተናገሩ። ሐኪም ፊት ደግሞ ፈጣሪን አመስግናችሁ ስታበቁ ያለባችሁን አትደብቁ።

ጥያቄ ያላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ የግል የሆነውን በውስጥ መስመር። የወረቀታችሁን ፎቶ ግን ኮሜንት ላይ እንዳትለጥፉት፣ ስማችሁና ሕመማችሁ አደባባይ ይወጣል። እርሻ ላይ የሚሠራ ዘመድ ያላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ስማርት ስልክ ከሌለው ደውላችሁ ንገሩት።